የአማቴ ካልሲና የጀልባ ሰዎች እሳት

ሰው ያልተቀደደ ካልሲ ለምን ያቃጥላል? ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ጠይቄ ነበር። «ፀደይ ስለገባ» አሉኝ። ፀደይ ሲገባ እኔ የማውቀው መስኮት መክፈት ነው።

ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ፈሪ እናት ነኝ። ልጄ ሶልያና አምስት ዓመቷ ነው፤ አንዴ ካስነጠሳት እኔ ለሁለት ቀን እንቅልፍ የለኝም። የምንኖርበት ጄኔቭ ደግሞ «ቢዝ» የሚሉት ቀዝቃዛ ነፋስ አለ፤ ከሐይቁ ተነስቶ ሰፈራችን ሜራን ድረስ መጥቶ ፎቅ ላይ ያለነውን እንኳ ፈልጎ ያገኘናል። ይህን ብነግራቸው፣ ደብረ ብርሃን ያሉት አማቴ የበግ ፀጉር ፈትለው፣ በደከመ ዓይናቸው በኪሮሽ ሠርተው ለልጅቷ ካልሲ ላኩ። እሁድ እሁድ በቪዲዮ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚሉት «እግሯን አሳዪኝ» ነው። አሳያለሁ። «እንዴት ሰነበታችሁ» የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የምሠራላቸው ማዳም ጡረታ የወጡ፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለቻቸው ሴት ናቸው። ብርዱን ሙሉ በሸራ ጠቅልለዋት በየቀኑ እየሄዱ ያዩዋታል። በዚህ በኩል እንግባባለን። ባለፈው መጋቢት አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ፈረንሳይኛ ማንበብ አይሆንልኝም፣ አማርኛውም ሲረዝም ያደክመኛል፤ ግን ጀልባና ካልሲ ተስሎበታል። «እሁድ ካልሲ ይዘሽ ነይ፣ ልጅቷንም» አሉኝ። ገባኝ፤ ለተቸገረ ሰው ሊሰበስቡ ነው። ስድስት ጥንድ አጥቤ፣ የተተረተረውን ሰፍቼ፣ ተኩሼ በፌስታል ያዝኩ። የተተኮሰ ካልሲ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደቡ ጋ ስንደርስ በርሜል ውስጥ እሳት ይነዳል። ሱሪያቸውን ቀለም የነካው ሽማግሌዎች ተራ ይዘው ካልሲያቸውን ያወልቃሉ፣ ይጥላሉ። አንዱ ጥሩንባ ይነፋል። ማንም አይስቅም፤ ሁሉም ቀብር እንደመጣ ሰው ኮስተር ብሏል። «ብርዱን ሙሉ ጀልባ ስንጠግን የለበስነው ነው» አሉኝ ማዳም፣ በባዶ እግራቸው ድንጋይ ላይ ቆመው። «ከዛሬ ጀምሮ ቅጠል እስኪረግፍ ካልሲ የለም።»

ፌስታሌን ከኋላዬ ደበቅኩ።

ይሉኝታ ክፉ ነው፣ አንድ ጥንድ ጣልኩ። ዞር ስል ሶልያና መሬት ተቀምጣ የአያቷን ካልሲ እየጎተተች ነው።

«ኧረ እሱን ተዪው! የአያትሽ ነው!»

«ማማ፣ ሁሉም እኮ ጣለ! ሙዋ ኦሲ! እኔም!»

ልሮጥ ስል ማዳም ክንዴን ያዙኝ። «ተያት፣ ብርዱ አልቋል።»

የሌላው ሰው ካልሲ ቦግ ብሎ ጠፍቷል። የአማቴ ግን አልነድም አለ። ጨሰ፣ ተኮማተረ፣ ወደቡ በሙሉ የተለበለበ የበግ ጭንቅላት ሸተተ። ሽማግሌዎቹ በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው በሌላው ጭናቸውን እየመቱ አጨበጨቡልን። እንዲህ የታገለ ካልሲ አይተው አያውቁም።

በማግስቱ በረዶ ጣለ።

ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ቢሮ የምታጸዳው እህቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ካልሲ ብቻ? እዚህ እኮ ከጥጥ የተሠራ፣ ርችት የታጨቀበት የበረዶ ሰው ነው የሚያቃጥሉት። ጭንቅላቱ ቶሎ ከፈነዳ በጋው ያምራል ይላሉ። አንቺ እንኳን ልጅቷን ይዘሽ ተመለስሽ!»

እሁድ አማቴ ደወሉ። «እግሯን አሳዪኝ።»

«ታጥቦ ነው እማማ፣ አልደረቀም።»

ሶልያና ከጎኔ ብቅ ብላ «ማዳምም እኮ ካልሲ የላትም» አለች።

«ውይ በሞትኩት! አሮጊት ሴት በዚያ ብርድ?»

ለመኸር ጥቅል መጣ፤ ለልጅቷ መቀየሪያ፣ ለማዳም ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ማዳም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ብርዱን ሙሉ ከእግራቸው አላወለቁትም። አማቴም እሁድ እሁድ የሁለት ሰው እግር መጠየቅ ጀመሩ።

ትናንት ማዳም አዲሱን ወረቀት ይዘው መጡ። ዘንድሮ መጀመሪያ እሳት ውስጥ የሚጣለው እማማ የላኩላቸው ካልሲ ነው። ትልቅ ክብር ነው አሉ፤ ለማንም አይሰጥም። «ሠሪዋም በቪዲዮ ይዩልኝ፣ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ።»

ዝግጅቱ እሁድ ነው። እማማ የሚደውሉትም እሁድ ነው። እስቲ ምከሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ስልኩን ታነሱ ነበር?