የአምባሳደሩ የማለዳ ሩጫ

ሰላምታው የማያልቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ። ይህ ሰው አንድን መንገደኛ "እንዴት አደርክ" ካለው ያ መንገደኛ ለጉዳዩ አይደርስም። ቤቱን ይጠይቀዋል፣ ልጆቹን ይጠይቀዋል፣ ከልጆቹ ወደ አማቶቹ ይሻገራል። የኛ ሰፈሩን ክቡር አምባሳደር እንለዋለን። ሥራው ሰዓት ጥገና ነው። የሰው ሰዓት ይጠግናል፣ የሰው ጊዜ ይበላል።

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሃምሳን ከተሻገርኩ ወዲህ ደም ግፊቴ አልወርድ አለ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈልኝና "ስፖርት ሥራ፤ በሚቀጥለው ምርመራ ካልወረደ መንጃ ፈቃድህ እንዲታደስ አልፈርምም" አለኝ። ከመሪ ሌላ የጨበጥኩት ሙያ የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ቲኬት ልቁረጥ?

ባለቤቴ ወሬውን ለአምባሳደሩ ለማድረስ አላደረችበትም። ለካ እሱ ጎህ ሲቀድ ከሰፈሩ በላይ ባለው ጫካ፣ በቀጭኗ የእግር መንገድ ይሮጣል።

"ተነስ ወንድሜ፣ ከዛሬ ጀምሮ አብረን ነን" አለኝ በማግስቱ፣ ጨለማው ሳይገፈፍ በሬን እያንኳኳ። ዐይኔን ሳልገልጥ ጫማዬን አሰርኩ።

ሩጫ ካላችሁት ነው። ጫካው አፍ ላይ እንጨት የሚፈልጡ ሰውዬ አሉ። ቆመ። "እንዴት አደሩ ጋሼ? ወገብዎስ? ትልቋ ልጅ ተመረቀች?" ልጅቱ ተመርቃ፣ አግብታ፣ ወልዳለች። ትንሽ ሮጥ እንዳልን ውሻዋን የምታንሸራሽር መምህርት መጣች። ቆመ። እሷ ደህና መሆኗን ሲያረጋግጥ የውሻዋን ጤና ጠየቀ። ዳገቱ ወገብ ላይ ደግሞ የውሃ ማጠራቀሚያውን የሚጠብቁ አዛውንት አሉ፤ የባሰው እዚያ ነው። ስለ ሽማግሌው ጉልበት ሁለቱ የተወያዩትን ያህል ሐኪሞች ቢወያዩ ኖሮ እስካሁን መድኃኒት ተገኝቶለት ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ፣ በልቤም እረግመዋለሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ የእንጀራዬ ጉዳይ እኮ ነው" እለዋለሁ። "ሰላምታህን ማታ ማታ አታደርገውም?"

"ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል እንዴ?" ይለኛል፣ የከፋ ነውር የነገርኩት ይመስል።

ምርመራው ሲቃረብ ክቡርነታቸው እህታቸውን ሊጠይቁ ከከተማ ወጡ። ደስታዬን ከባለቤቴ እንኳ አልደበቅኩም። ገና ዛሬ ልሮጥ ነው አልኩ። እንጨት ፈላጩን በእጄ፣ መምህርቷን በአንገቴ ሰላም ብዬ አለፍኳቸው። ማንም አላቆመኝም። የውሃ ማጠራቀሚያው አጥር ጋ ስደርስ ዐይኔ ጭልም አለ። ግንቡን ተደግፌ ዝርፍጥ አልኩ።

ሽማግሌው በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ። "ጓደኛህ የታለ?"

"እህቱ ጋ ሄዷል አባባ። ለሰላምታ እየቆመ አላስሮጥ ስላለኝ፣ ዛሬ ሳልቆም ልውጣው ብዬ ነው።"

ሳቅ አሉ። "ሰፈር ውስጥ ስለሚያደርገው አላውቅም። እዚህ ብቻውን ይመጣ በነበረበት ጊዜ ግን እጁን ያነሳልኝና ሽው ነው። መቆም የጀመረው አንተን ካመጣ ወዲህ ነው። ጉልበቴን ይጠይቀኛል፤ መልሼ ሳልጨርስ እንደገና ይጠይቀኛል። ዐይኑ አንተ ላይ ነው። ትንፋሽህ ሲመለስ 'በሉ ደህና ይዋሉ' ብሎኝ ይሄዳል። እኔማ ታውቃለህ ብዬ።"

አላወቅኩም ነበር። "ደክሞሃል፣ እንረፍ" ቢለኝ ኖሮ በማግስቱ ከአልጋዬ አልነሳም ነበር፤ ግትርነቴን ያውቀዋል። ጣሳውን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። ሽማግሌው የዳገቱ ላብ መሰላቸው መሰለኝ፣ ውሃውን ጠጣ አሉኝ።

ምርመራውን አለፍኩ፤ ሐኪሙ ፈረመ፤ አምባሳደሩም ከእህቱ ቤት ተመለሰ። ከእንግዲህ ጎህ ሲቀድ መተኛት መብቴ ነው። በማግስቱ ግን እኔ ቀድሜ የአምባሳደሩን በር አንኳኳሁ። የሰማሁትን አልነገርኩትም። ማጠራቀሚያውን አልፈን፣ አብረን ሞክረነው ወደማናውቀው ቀጥ ያለ ዳገት ገባን። ግማሹ ላይ እግሬ ተሳሰረ።

አምባሳደሩ በጎን አየኝ። ግራ ቀኙን ቃኘ። ሰው የሚባል የለም፤ ከቁጥቋጦ ሥር የታሰረች አንዲት አህያ ብቻ አለች። ጉሮሮውን ጠረገና ቆመ።

"እንዴት አደርሽ?" አላት።

አንድ ድንጋይ መርጬ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

"አትቸኩል" አልኩት፣ "ልጆቿንም ጠይቅልኝ።"