ግራዝማች በስማችን የማሉት መሐላ

ሁለት ወንዶች ጥላ ሥር ከተቀመጡ ሦስተኛው ውርርድ ነው። ሦስተኛው ሰይጣን ነው የሚሉም አሉ፤ ሰይጣን ግን ሥራ የሚበዛበት ፍጡር ነው፣ አሰበ ተፈሪ ድረስ አቀበት ወጥቶ ከእኛ ጋር አይውልም። እኛ በዚያ ዘመን ያለ እሱ ርዳታ እንወራረድ ነበር። ከሚኤሶ ሽቅብ የሚወጣው የጭነት መኪና መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቆሞ ውሃ እንደሚጠጣ እንወራረዳለን። በቦርደዴ በኩል የታየው ደመና ይዘንባል ወይስ እንደ ሀብታም ዘመድ አይቶን ብቻ ያልፋል እያልን እንወራረዳለን። አንድ ጊዜማ ሁለት ጎልማሶች አፍንጫው የሚበላውን ሦስተኛ ሰው «ያስነጥሳል»፣ «አያስነጥስም» ብለው ቢወራረዱበት፣ ሰውዬው ማንንም ላለማስቀየም ሦስት ቀን አፍኖት ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ሲለቀው የሦስት ቤት ቆርቆሮ ተነሣ።

ይህን ቁማር ብላችሁ እንዳትጠሩብን። ቁማር ማለት ካርታ ያለው ነው፤ የእኛ ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ያልገባት ሚስቴ አስካለ ብቻ ነበረች።

እንግዲህ ግራዝማች ወንድይራድ የእኛ የጨርጨር አውራጃ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው የተመረጡት በዚሁ ዘመን ነው። እስከ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ድረስ በእልልታ ሸኘናቸው። የመረጥናቸው ለአንደበታቸው ነበር። እኚህ ሰው ስለ አንዲት የጠፋች ፍየል መናገር ከጀመሩ፣ ፍየሏ ራሷ ሰልችቷት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አዲስ አበባ ገብተው ከምክር ቤቱ ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» እያልን በየጥላው ተከዝን።

ወሬውን የምናገኘው ከመምህር ጌታሁን ነበር። መምህር ጌታሁን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ብርድ የለመደና ሙቀታችን ያቀለጠው ሰው ነው። የጭነት መኪናው ጋዜጣ ሲያመጣለት ከጫት ነጋዴው ከአብዶሽ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ጋዜጣው ሳምንት አርጅቶ ነው የሚደርሰን፤ ላልሰማ ሰው ግን የሳምንት ወሬም ትኩስ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ምክር ቤቱ ስለ ቁማር ሕግ ሊነጋገር መሆኑን አነበበልን። ቁማር የሚያጫውት ቤት ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፣ ከገቢውም ለድኾች መርጃ የሚሆን ግብር ይክፈል የሚል ሕግ ነው።

«አሁን እንኳ የእኛ ግራዝማች ይናገራሉ» አልኩ።

«ዋላሂ አይናገሩም!» አለ አብዶሽ። «ወንበሩ ሞቋቸው ተኝተዋል።»

«ይናገራሉ አልኩህ!»

«ሁለት ሙክት አለኝ፤ አይናገሩም። አንተስ ለማ፣ ከምላስህ በቀር ምን አለህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«አህያዬን!» አልኩ።

ልብ በሉ፣ «አህያዬን» ያልኩት በአፌ ነው። ዳለቻ የአስካለ ነበረች። አባቷ ስትዳር የሰጧት አህያ ናት። ከሚኤሶ ማሽላ የምታመጣልን፣ ውሃ የምትቀዳልን፣ በገበያ ቀን የሰው ዕቃ አጓጉዛ የምታበላን እሷ ናት። በዚያ ቤት የእኔ ድርሻ ሳቅ ማምጣት ነበር፣ ሳቅ ደግሞ አይበላም። ግራዝማች ዝም ካሉ አህያዋ ወደ አብዶሽ፣ አስካለ ወደ አባቷ፣ እኔ ወደ የትም።

ያን ሳምንት ዳለቻን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እሷ ደግሞ፣ ሥራዬ ብላ፣ እኔን ብቻ ታያለች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል» ይባላል፤ እኔ ግን ጅቡን ራሴ ጋብዤባታለሁ።

በሳምንቱ ጋዜጣው መጣ። አብዶሽ ገመድ ይዞ ተቀምጧል፤ አህያዋን የሚነዳበት አዲስ ገመድ ነው። መምህር ጌታሁን ማንበብ ጀመረ። የወሎው እንደራሴ ተናገሩ። የጎጃሙ ተናገሩ፣ መምህሩም ለራሱ ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ። የሲዳሞው ተናገሩ። ገጹ አለቀ። አብዶሽ ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ ተነሣ።

«ቆይ፣ ከጀርባው አለ» አለ መምህሩ።

ገጹን ገለበጠ። «የጨርጨር አውራጃ እንደራሴ በበኩላቸው፣ ‹ግብሩ ደግ ነው፤ ሰው ልብ የሚገዛው ሲከፍል ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ የእኔን አገር አይነካም። የጨርጨር ሕዝብ ከውርርድ ጋር አይተዋወቅም፤ ይህንንም በሕዝቤ ስም እምላለሁ› አሉ» ብሎ አነበበ።

ዘልዬ ተነሣሁ። ስወርድ ጊዜ ወስዶብኛል፤ የዘለልኩት እስከ ቆርቆሮው ነው። «ሙክቶቼን አምጣ!» አልኩ።

በዚህ መሀል ሐጂ ኢብሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐጂ ኢብሮ የከተማችን ሽማግሌ ናቸው። ውርርድ ሲሰሙ «አስተግፊሩላህ» ይላሉ፣ የሚቀመጡት ግን ሁልጊዜ ውርርዱ በደንብ በሚሰማበት ርቀት ላይ ነው።

«ቆይ ልጄ ለማ» አሉኝ። «ሰውዬው በማን ስም ማሉ?»

«በእኛ ስም ነዋ፣ ሐጂ።»

«አንተ እነዚያን ሙክቶች ከነዳህ መሐላው ሐሰት ይሆናል። የሐሰት መሐላ ደግሞ በማን ላይ ይወድቃል?»

እኛ አገር አንበጣ ሲመጣ ጣሳ እንመታለን፤ ጎርፍ ሲመጣ ዳገት እንወጣለን። ለሐሰት መሐላ ግን የሚመታ ጣሳ የለም፤ ከማለው ሰው ይጀምርና እስከ ከብቱ ይወርዳል። አንድ ሰው በሐሰት ምሎ የጎረቤቱ ዶሮ ሁሉ ባዶ እንቁላል ጥሏል ሲሉ ሰምቻለሁ። እዚህ የማለው አውራጃው ነው፤ አስቡት የዶሮውን ብዛት! መምህር ጌታሁን፣ «ኧረ ሐጂ፣ ይሄ የምክር ቤት ንግግር ነው እኮ፣ እንደ ሽማግሌ መሐላ አይቆጠርም» ብሎ ሊያግዘኝ ሞከረ። ሐጂ እንደ ታመመ ልጅ በርኅራኄ አዩት።

«ታዲያ አፍ አይደለም የሚናገረው?» አሉት።

ከሁላችን ቀድሞ የጸደቀው አብዶሽ ነው። «አልሐምዱሊላህ! እኔ ድሮም ውርርድ የሚባል ነገር አላውቅም!» ብሎ ሙክቶቹን ወደ ጓሮ ነዳ። ከኋላችን ቆመው በእኛ ውርርድ ላይ የተወራረዱትም ሁሉ የየራሳቸውን እየያዙ ተበተኑ። በታሪኬ አንድ ቀን ባሸንፍ ያሸነፍኩት አህያዬን ነው። እሷም የእኔ አልነበረችም።

በከተማችን ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ቤት ስደርስ አስካለ በር ላይ ቆማለች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ በተሻለኝ።

«ዳለቻን አስይዘህ ነበር?»

«አሸንፌ ነበር እኮ፣ አስካልዬ!»

«እሱን አልጠየቅሁህም። አስይዘህ ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ግራዝማች ደግ ተናግረዋል አሉ። ሰው ልብ የሚገዛው ሲከፍል ነው። እንግዲህ ይህ ቤት ይከፍላል። ሠላሳ ቀን ዳለቻ ታርፋለች፣ ውሃውን በጀርባህ አንተ ታመጣለህ።»

የአዲስ አበባው ሕግ ይጽደቅ ይቅር፣ እኔ አላውቅም። የእኛ ቤቱ ግን በአንድ ድምፅ፣ ያለ ተቃዋሚ፣ በዚያው ቀን ጸደቀ። ወንድ ልጅ በጠራራ ፀሐይ ውሃ በጀርባው ተሸክሞ ሲያልፍ ያየ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል። እኔ ደግሞ እውነቱን ብናገር የአውራጃው መሐላ ይፈርሳል። «ጀርባዬ እንዲቀና ሐኪም አዞልኝ ነው» እያልኩ አቀበቱን እወጣለሁ። ዳለቻ ብቻዋን ቤት መዋል አልወደደችም፤ ከኋላዬ ባዶዋን፣ እንደ ባላባት ሚስት ቀስ እያለች ትከተለኛለች።

ምክር ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ግራዝማች ወንድይራድ መጡ። እኔን ያገኙኝ እዚያው አቀበት ላይ ነው፣ በሃያ ሰባተኛው ቀን። ቆመው እኔን አዩ፤ ከዚያ አህያዋን አዩ፤ ከዚያ ጀሪካኑን አዩ።

«ለማ፣ ጤና ይስጥልኝ። ምነው አህያ እያለችህ?»

«ጀርባዬ እንዲቀና ሐኪም አዞልኝ ነው፣ ግራዝማች።»

ግራና ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሐኪምህ ስንት ቀን አዘዘችብህ?»

«ሠላሳ» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ቀላል ነው። የእኔዋ ስልሳ አስከፍላኛለች። በበቅሎዋ ነበር የተወራረድኩት።» ጎንበስ ብለው የጀሪካኑን አንድ ጎን ያዙልኝ። «ወደዚህ ዘንበል አድርገው፤ መታጠፊያው ላይ ያዳልጣል።»

ጥቂት አብረን ወጣን። አላስችል አለኝ።

«ታዲያ ግራዝማች፣ ያ ሁሉ መሐላስ?»

«በእናንተ ስም ነው እንጂ» አሉ፣ እያለከለኩ፣ «በራሴ ስም መቼ ማልሁ!»