የፒክአፑ ዘር ሲቆጠር

እኛ ሐበሾች መኪና ስንገዛ ዋጋዋን የምንጠይቀው ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስትሸጥ ስንት ታወጣለች?» የሚል ነው። ገና ቁልፏን ሳንይዝ ለማናውቀው ለወደፊት ገዥዋ እንጨነቃለን። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች ስሸጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን በዓይኔ አይቼ ነው የምነግራችሁ። የመቀመጫዋን ፕላስቲክ ሳይገፍ ዓመት ሙሉ የነዳ ደንበኛ ነበረኝ። በቴክሳስ ሐምሌ፣ ላቡ እየተንቆረቆረ፣ ፕላስቲክ ላይ! ለማን ብሎ? ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሰውዬ።

እንዲህ ላለ ሕዝብ የጃፓን መኪና ከሰማይ የወረደች ናት። አትበላሽም፣ ቤንዚን አትጠጣም፣ ስትሸጥም አታሳፍርም። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ላይ ቆማችሁ ብታዩ፣ አንድ እናት የወለደቻቸው የሚመስሉ ብርማ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ደግሞ ቁልፋቸውን እየተጫኑ የትኛዋ እንደምትጮህላቸው ያዳምጣሉ። አልቀልድም። ከአዳማጮቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ሆዴ ግን ሌላ ያወራል። የማደንቀው አንድ የአሜሪካ ኩባንያ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ እንድሠራላቸው ከፈለጉ ይክፈሉኝ። ፒክአፑን ታውቁታላችሁ። እዚህ ዳላስ፣ ከቤታችሁ ወጥታችሁ የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ጋ ሳትደርሱ ከኋላ መጥቶ መስታወታችሁን የሚሞላው እሱ ነው።

ታሪኩን ስሙኝ። እርሻ የሰለቸው፣ ነገር ፈታትቶ መግጠም የሚወድ አንድ የገበሬ ልጅ ነበር። ከቤቱ ጓሮ ባለች ትንሽ ክፍል ሞተር ያለው ጋሪ ሠራ። ኩባንያ ተቋቋመለት፤ አልሆነም። ሌላ ሞከረ፤ እሱም አልሆነም። ሦስተኛው ላይ ያዘለት። የእኔ ዘመዶች ቢሆኑ ኖሮ ገና ከመጀመሪያው ማግስት «ይሄ ልጅ አርፎ ይቀመጥ» ብለው ይመክሩት ነበር። ሰውየው ግን ሠራተኛ ወደ መኪና ከሚሄድ መኪናው ወደ ሠራተኛው ይምጣ አለ። እያንዳንዱ ሰው ባለበት ቆሞ አንዲት ነገር ብቻ ይገጥማል፤ መኪናው ፊቱ እየተንሸራተተ ያልፋል። በዚህ ዘዴ ዋጋው ወረደ። ቀጥሎ የሠራተኛውን ደመወዝ አሳደገ፤ ሠራተኛውም የሚገጥማትን መኪና ራሱ መግዛት ቻለ። የዘመኑ ነጋዴዎች አብዷል አሉ። እኔም ነጋዴ ነኝና በቦታው ብኖር ከእነሱ ጋር ሆኜ አብዷል እል ነበር። ያብድ እንጂ! ስንቱ ጤነኛ ተረስቷል።

ግትርም ነበር። ያችኑ አንዷን መኪናውን አልቀይርም ብሎ ዓመታት ተቀመጠ፤ ቀለሟም ጥቁር ብቻ ሆኖ የቆየበት ጊዜ ነበር። ልጁ «አባባ፣ ዘመኑ ተለውጧል» ቢለው አልሰማ ብሎ ተፎካካሪ ከቀደመው በኋላ ነው አዲስ የሠራው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ተሰድቧል፣ ተመስግኗል፣ ወድቋል፣ ተነሥቷል። እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሣኝ ግን በእኛው ዘመን ያደረገው ነው። የመኪና ንግድ ታሞ ሊሞት ሲያጣጥር፣ እሱ ክፉው ቀን ሳይደርስ ንብረቱን ሁሉ ለባንክ አስይዞ ተበድሮ ነበርና፣ ጎረቤቶቹ የመንግሥትን ደጅ ሲጠኑ እሱ ያለ መንግሥት ዕርዳታ ተወጣው። ካስያዛቸው ነገሮች አንዱ አርማው ነው። አርማውን! ሰው ቤቱን ያስይዛል፣ መሬቱን ያስይዛል። ስሙን የሚያስይዝ በስሙ የሚተማመን ብቻ ነው።

እንዲህ እያደነቅሁ ምን እነዳለሁ? የጃፓኗን።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ናሆም የሚባል፣ በዲቪ የመጣ፣ የቤት ማቀዝቀዣ፣ ኤሲ የሚጠግን ወጣት አለ። በዚህ አገር በጋ ኤሲ የሚጠግን ሰው ከሐኪም እኩል ነው የሚጠበቀው። መሰላሉን የሚጭንበት ያ የምላችሁ ፒክአፕ አለው። አንድ ቀን መሸጫዬ ድረስ መጣና ኮፍያውን እያሻሸ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አለኝ። የፈለጋት ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ፍሪስኮ የሚኖረውን የበላይን ልጅ ሰላምን ነው። ሰላምም ፈልጋዋለች። ያስቸገረው አባትየው ነው። ልጅቷ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብላለች፤ አባትየው ደግሞ ገና ወሬውን ሲሰማ «ያ ባለ ፒክአፑ?» ብሎ ፊቱን አዙሯል።

እሁድ ከሰዓት ሦስት ሆነን ሄድን፦ እኔ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቀሲስ እና ጓደኛዬ ሽፈራው። በላይ በር ከፍቶ በክብር ተቀበለን።

«ቁጭ በሉ እንጂ።»

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይመለስልን አንቀመጥም» አለ ሽፈራው፣ ደንቡ እንደሆነ።

ቀሲስ «ልጅህን ለልጃችን» ብለው ጠየቁ። በላይ የልጁን ዘር ጠየቀ። ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራልና ሽፈራው የናሆምን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየጠራ ወጣ። ዝምድና የለም። እዚህ ድረስ ነገሩ በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ነበር።

«የልጁን ዘር ሰማን» አለ በላይ። «የመኪናውንስ?»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ባለቤቱ ትርሲት።

«ተዪኝ እስቲ። ሰው በሚነዳው ነው የሚታወቅ። እኔ ኤርፖርት ታክሲ እየሠራሁ እነዚህን ልጆች ያሳደግሁት በጃፓን መኪና ነው። ዛሬ ፒክአፕ፣ ነገ ባርኔጣና ቦት ጫማ፣ ከነገ ወዲያ ልጄን ይዞ ከብት እርባታ ይገባል!»

አስተዋይ ሽማግሌ እዚህ ላይ ስቆ ያልፋል። እኔ ግን ለሰው ከመጣሁበት ጉዳይ ይልቅ ለመኪናው ተቆጣሁ።

«ዘሩንማ ልቁጠርልህ» አልኩት። «መሥራቹ አለ፤ ከእሱ ልጁ፣ ከዚያ የልጅ ልጁ፣ ከዚያ የልጅ ልጁ ልጅ። አራት ቤት ነው የቆጠርኩልህ! ቤተሰቡ ዛሬም ከኩባንያው አልወጣም። የእኛ ሱቆች አባት በሞተ በዓመቱ ተሸጠው ወንድማማች ፍርድ ቤት ነው የሚገናኘው።»

ቀሲስ ኮቴን ከኋላ ጎተት አደረጉኝ። በላይ ወደ መስኮቱ ሄደና መጋረጃውን ገለጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎ በምን መጡ?»

ዓይኔን ወደ ምንጣፉ ጣልኩ።

«ሽፈራውስ? ቀሲስስ?»

ሦስት ብርማ የጃፓን መኪኖች በሣሩ ዳር እንደ ደብር አገልጋይ ተሰልፈው ቆመዋል።

«ሦስታችሁም በጃፓን መጥታችሁ አሜሪካንን ትሸጡልኛላችሁ?»

ትርሲት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀሲስ ሳይቀሩ ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ናሆም እዚያው ፍሪስኮ አንድ ማደያ ውስጥ ቆሞ ስልኩን እያየ እንደሚጠብቀን አውቃለሁ። በሰው ልጅ ትዳር ላይ መኪና ነድቼበት ልመለስ ነው?

«እውነትህን ነው» አልኩት። «የጃፓኗን የምነዳው እንዳንተው ስለምፈራ ነው። ስገዛት የታየኝ የምሸጥበት ቀን ነበር። ሌላውንም እንደዚሁ ሳስገዛ ነው የኖርኩት። ግን በላይ፣ አማች እንዲህ አይመረጥም። መልሰህ አትሸጠውም።»

በላይ መጋረጃውን ቀስ ብሎ መለሰው።

«የሚመጣው እሁድ ተመለሱ» አለ። «ስትመለሱ ግን በምታመሰግኑት ኑ።»

እሁድ ጠዋት ሰላም ደወለችልኝ። እዚሁ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ እንደ ልጅነቷ ነው። «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ ስለ ካር አታውሩ፣ ኦኬ? ዳዲ ኖ ካለ፣ ማለቴ፣ ኖ ነው» አለች። ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ። እሺ አልኳት። በምን ልሄድ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

ሽማግሌ በተላከበት ቤት ልጁ ራሱ አይደርስም፤ ስለዚህ ፒክአፑን የምነዳው እኔ ሆንኩ። ናሆም ቁልፉን ሲሰጠኝ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባ ይመስል ነበር። ቀሲስን፣ ቀሚሳቸው እያደናቀፋቸው፣ እኔ ከላይ ስቤ ሽፈራው ከታች ገፍቶ አሳፈርናቸው። ሀይዌዩ ላይ ስንወጣ ሌሎቹ መኪኖች ከታች እንደ ጫማ ሆነው ታዩን። «እግዚኦ» አሉ ቀሲስ፤ ከፍርሃት ይሁን ከደስታ አልጠየቅኋቸውም።

በላይ ቤት ስንደርስ መንዳት ሌላ፣ ማቆም ሌላ መሆኑ ገባኝ። ወደ ኋላ ብል የፖስታ ሣጥኑ፣ ወደ ፊት ብል የጎረቤት አበባ። በላይ ከቤት እየሮጠ ወጣ።

«ይውረዱ ጋሼ! ቤቱን ሊያፈርሱብኝ ነው! አምጡ እኔ ፓርክ ላድርገው።»

ወረድን። ገባ። ወንበሩን አስተካከለ፣ መስታወቱን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ፓርክ ሊያደርግ ወደ መንገዱ አወጣውና ታጠፈ። ሄደ። አልተመለሰም።

ትርሲት «ኧረ ግቡ፣ ፀሐዩ!» ትላለች። እኛ ጉዳያችን ሳይመለስ እንዴት እንቀመጣለን? ነጠላችንን አጣፍተን ሣሩ ላይ ቆምን። ውሻዋን የምታንሸራሽር ፈረንጅ ጎረቤት መጥታ፣ ታክሲ ልጥራላችሁ ወይ አለችን። ሽፈራው መኪናችንን የወሰደውን ሰው እየጠበቅን ነው ብሎ አሰናበታት። ሰውየው ተናድዶ ፒክአፑን ለባለቤቱ ሊመልስ ሄዶ ቢሆንስ? ሰላም በላይኛው መስኮት መጋረጃ ስትገልጥና ስትመልስ አያታለሁ።

በመጨረሻ መጣ። በአንድ እጁ መሪውን አዞረና የቤቱ ደጃፍ፣ ድራይቭዌዩ ውስጥ መስመር ሳይነካ አስገባው። ግን አልወረደም። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ወደ ኋላ ዞሮ መሰላሉ የፋቀውን ብረት በእጁ ዳሰሰ።

«ይሄ ልጅ» አለ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ኋላውን ሥራ በልቶታል። ሞተሩ ግን ሕፃን ነው። ዘይቱን በጊዜው ይቀይራል። ይሄ እሸጠዋለሁ ብሎ የሚነዳ ሰው መኪና አይደለም።»

«ታዲያ?» አሉ ቀሲስ።

«ታዲያማ ምን ትቆማላችሁ? ግቡና ተቀመጡ!»

ተቀመጡ ማለት ሰጠሁ ማለት ነው። ከላይኛው ፎቅ እልልታ ይሁን ጩኸት ያልለየለት ነገር ሰማን። በላይ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ከተማ ነድቼ ሰው መንገድ ሲለቅልኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ።

ሠርጉ አማረ። አሁን ሰላም ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ሳምንት ናሆም እንደገና መሸጫዬ መጣ፤ ኮፍያውን እያሻሸ።

«ጋሼ፣ ሶ፣ ቤቢው እየመጣ ነው። ለሰላም አነስ ያለች የጃፓን መኪና ላያት ነበር። ግን አባቷ አይሆንም አሉ።»

«ለምን?»

«‹ልጄን የሰጠሁት ባለ ፒክአፕ ብዬ ነው። የዚያ ቤት ዘር እስከ አራት ድረስ ተቆጥሮልኛል› ይላሉ። እሳቸውም ራሳቸው ያንኑ ፒክአፕ ሊገዙ ነው። ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማሉ። እባክዎ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

ምን ልበል? ያን ኩባንያ ዛሬም አደንቀዋለሁ፤ ከተናገርኩትም አንዲት ቃል አላነሣም። የጃፓኗም መኪና ለሕፃን ልጅ ደግ ናት፤ እዚህ ግቢዬ ውስጥ ታጥባ ቆማለች። ሽማግሌ «ሁነኝ» ላለው ሁሉ ይሄዳልና እሄዳለሁ። በምን እንደምሄድ ግን ገና አልወሰንኩም።