አባዬን ይዤ ናይሮቢ

የአዲስ አበባ መኪና ከባለቤቷ የበለጠ አገር አይታለች። እስቲ አስቡት፤ የእኔዋ ነጭ መኪና ጃፓን ተሠራች፣ ዱባይ ውስጥ የማላውቀው ሰው ነዳት፣ በመርከብ ባሕር አቋረጠች፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ከረመች፤ ከዚያም እንደ ሙሽራ እግሯ መሬት ሳይነካ በሌላ መኪና ጀርባ ተጭና ሳሊተ ምሕረት ደጃፋችን ደረሰች። ባለቤቷ እኔስ? ቦሌ፣ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ለዓለም ሕዝብ የአውሮፕላን ትኬት ስቆርጥ ኖርኩ እንጂ ፓስፖርቴ ገና እንዳልተጻፈበት ደብተር ንጹሕ ነበር። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንዲሉ፣ ሐዋሳ ደርሼ መመለሴን እንደ ዓለም ዙሪያ ጉዞ ሳወራው ኖሬያለሁ።

ታዲያ ወንድሜ ዳዊት ናይሮቢ ውስጥ ኬንያዊት ሊያገባ ነው ሲባል ሁላችንም በአውሮፕላን እንደምንሄድ ታሰበ። ሁላችንም ስል አባዬን ረስቼ ነው። አባዬ፣ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ተሰማ የሚባለው፣ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሰብን ያውቃል፣ ጅቡቲን ያውቃል፣ መተማን ያውቃል። አውሮፕላንን ግን አያምንም። «መሪውን የያዘውን ሰውዬ ፊቱን ሳላየው አልሳፈርም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ትኬት ሻጯ ልጁ ብሆንም ምን ላድርግ? እናቴ የሙሽሪትን ጥልፍ ቀሚስ በሻንጣ ይዛ በአውሮፕላን ቀደመችን። እኔና አባዬ ደግሞ በእኔዋ ነጭ መኪና በሞያሌ በኩል ልንሄድ ተስማማን።

ተስማማን ማለቴ፣ ጠብ ነበረ። አባዬ «ነጂው እኔ ነኝ» አለ። የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ ካለፈበት ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ ሕግ ከእኔ ጋር ቆመች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ ይዞ የኖረው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስተቀኝ ባለው ወንበር ተቀመጠ።

አሁን ኩራቴን ልንገራችሁ። የፍጥነት መንገዱን ገና ከመያዛችን አባዬ እንቅልፍ ወሰደው። ዝዋይ ተኝቷል። ሻሸመኔ ተኝቷል። ዲላ ስንደርስ ለምሳ ነቅቶ በልቶ እንደገና ተኛ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ! ያ የሌላውን ሰው አነዳድ ሲያይ ምራቁን የሚተፋ ሰው እኔን አምኖ እንደ ሕፃን ተኛ። ለእናቴ ደውዬ «አባዬ በእኔ አነዳድ እንቅልፍ ወሰደው» ስላት እሷ ግን ወሬ ቀየረች። ይህንንም በቅናት ተረጎምኩት።

ሞያሌ ላይ መኪና ከአገር ማስወጣት ምን ማለት እንደሆነ ተማርኩ። ሊብሬ አምጪ፣ ድንበር ተሻጋሪ ኢንሹራንስ አምጪ፣ መኪናዋ እንደምትመለስ ማረጋገጫ ፈርሚ። ለመኪናዋ መመለስ ሦስት ቦታ ፈረምኩ፤ እኔ ልመለስ ልቅር የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ከዚያ የጉምሩኩ ወጣት የሻንሲ ቁጥሯን ካላየሁ አለ። ኮፈኑን ከፍቼ እንደ ጠፋበት ሰው ስቆም አባዬ መጥቶ፣ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠርጎ፣ ቁጥሩን በጣቱ አሳየው። ወጣቱ «አባባ፣ ሹፌር ነበሩ እንዴ?» ቢለው፣ «ነኝ» አለ። ነበርኩ አላለም።

ድንበሩን አለፍን። አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኬንያ ውስጥ ሰው በመንገዱ ግራ በኩል ነው የሚነዳው። ለእነሱ መሪያቸው በስተቀኝ ስለሆነ ችግር የለም። የእኔ መሪ ግን በስተግራ ነው፤ ማለትም እኔ የተቀመጥኩት መንገዱ ዳር፣ ሣሩ ጋ ነው። ከፊቴ ከባድ መኪና ካለ ከእሱ ወዲያ ምን እንደሚመጣ አይታየኝም። የሚታየው በስተቀኝ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ማርሳቢትን እስክናልፍ መንገዱ ባዶ ስለነበረ ነገሩ አልገባኝም። ኢሲዮሎን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ግን አንድ ግመል የጫነ ከባድ መኪና ከፊታችን ተደነቀረ። ግመሎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ እያመነዠኩ፣ ከላይ ወደ ታች ያዩናል። በሕይወቴ እንደዚያ ንቆ ያየኝ ፍጡር የለም። መኪናው በእግር ከሚሄድ ሰው አይፈጥንም፤ ሠርጉ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው።

«አባዬ፣ በአንተ በኩል መንገዱ ይታይሃል?» አልኩት።

ዝም።

«አባዬ! ነቅተሃል?»

«ነቅቻለሁ።»

«ታዲያ ከፊት የሚመጣ መኪና ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«ለምን?»

«ጨፍኛለሁ።»

ዘወር ብዬ አየሁት። እውነትም ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ረግጦ ይዟል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቀው «ከቱሉ ዲምቱ» አለኝ። ሰማችሁ? ገና ከአዲስ አበባ ስንወጣ! ያ ሁሉ የኮራሁበት እንቅልፍ ፍርሃትና ጸሎት ነበር።

ጥግ ይዤ ቆምኩ። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ማልቀስም አማረኝ። እንዴት አንድ ሰው ልጁን እንዲህ ሳያምናት ይሄን ያህል አገር ያቋርጣል? ይህንኑ ብነግረው አባዬ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና፣ «አንቺን አይደለም። እዚህ ወንበር ላይ እኮ ፍሬን የለም። ሠላሳ ዓመት የነዳሁት እግሬ ፍሬን እየፈለገ ነው። ባየሁ ቁጥር እረግጣለሁ፣ በረገጥኩ ቁጥር መኪናው አይቆምም። ሰው እንዴት ይሄን እያየ ይሄዳል?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። አባቴን ፈርቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«እንግዲያው ዓይንህን ክፈትልኝ። እኔ እግር ልሁን፣ አንተ ዓይን ሁን። ካልሆነ ዳዊት ሁለት ልጅ ወልዶ እንደርሳለን» አልኩት።

መነጽሩን አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገ፣ አደረገ፣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። «ሁለት ቃል ብቻ ነው የምናገረው፤ ቆይና እለፊ። ሌላ ቃል የለም» ብሎ ደነገገ። ተነሣን፤ ግመሎቹንም ወዲያው ደረስንባቸው።

«ቆይ» አለ። ቆየሁ። «ቆይ።» ቆየሁ። እንዲህ ብዙ ከተጓዝን በኋላ የግመሎቹ ሹፌር ፍሬቻ አበራልኝ፣ እለፊ ማለቱ ነው። አባዬ «ቆይ» አለ። እኔ ግን የሠርጉ ሰዓት ነበር የሚታየኝ፤ ሹፌሩ አይቶ ነው ብዬ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። አባዬ «ቆይ አልኩሽ!» ብሎ ሲጮኽ መሪውን ቀስ አድርጌ ወደ ግራ መለስኩ፤ አንድ አውቶቡስ መስኮታችንን አርገፍግፎ በአባዬ በኩል አለፈ።

ስድቡን ጠበቅኩ። ይገባኝ ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አየሁሽ። ፍሬን አልያዝሽም፣ መሪውንም አልነጠቅሽም። ቀስ ብለሽ መለስሻት። እኔ የማውቃቸው ስንት ወንዶች በዚህች ጊዜ ገደል ገብተዋል» አለ። ልንገራችሁ፣ ከትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቼ ስመጣ ያላለኝን ቃል ነው ኢሲዮሎ ዳገት ላይ የነገረኝ።

ትንሽ ቆይቶ «እለፊ» አለ። አለፍኩ። ግመሎቹ ከኋላችን ቀሩ።

ከዚያ በኋላ እስከ ናይሮቢ ዓይኑን አልጨፈነም። በሠርጉ ዕለት የሙሽሪት አጎቶች ተነሥቶ እንዲመርቅ ቢጋብዙት፣ ሙሽሮቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር መርቆ ጨረሰና ስለ እኔና ስለ አውቶቡሱ መናገር ጀመረ። ዳዊት በገዛ ሠርጉ ላይ የእኔን አነዳድ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም ዋለ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ እንደነበር ገና ስደውልላት እንዳወቀች ነገረችኝ።

በመልሱ ሞያሌን ተሻግረን ወደ መንገዱ ቀኝ በኩል ስንመለስ መንገዱ ለእኔ ለራሴ መታየት ጀመረ። አባዬን ሳልጠይቅ አንዱን ከባድ መኪና ቀድሜ አለፍኩ። ሁለተኛውንም አለፍኩ። አባዬ ጋቢውን ተከናነበ። ያቤሎ ሳንደርስ አንጀቴ አልቻለም፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ፣ መንገዱ ወለል ብሎ እየታየኝ፣ «አባዬ፣ ልለፍ?» አልኩት። ጋቢውን አወረደ። «ቆይ» አለኝ፣ ያለ አንዳች ምክንያት።

ከዚያ ወዲህ በከተማም እጠይቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከቦሌ ስንመለስ ኢምፔሪያል ጋ የመኪናው ሰልፍ አልንቀሳቀስ አለ። አባዬ ክፍተት አየና «እለፊ!» አለ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ አለፍኩ፤ የማይረገጠውን ነጭ መስመር ረግጬ፣ ቀጥታ ትራፊክ ፖሊሷ ፊት። መንጃ ፈቃዴን ስትቀበለኝ አባዬ በእኔ በኩል ተንጠራርቶ «ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እለፊ ያልኳት እኔ ነኝ» አላት።

ፖሊሷ ጎንበስ ብላ አየችው። «እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት፣ አባቴ?»

በከባድ መኪና ዓለም ሹፌር ንጉሥ ነው። ከእሱ በታች ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያስገባ፣ ሹፌሩ ሲተኛ ጭነት የሚጠብቅ ሰው አለ፤ አባዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ሰው ሲያዝ የኖረ ነው። «አባቷ ነኝ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ኮሌታውን አስተካከለ፣ ደረቱን ነፋ፣

«ረዳቷ ነኝ» አላት።