የአምሃ ሃያኛ ተራ

(መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እርሳሱ ነው። በነጭ የጫማ ማሰሪያ ከአንድ ሰማያዊ መዝገብ ጋር ታስሯል። መዝገቡ ያረፈው በእትዬ እታለማሁ ጉልበት ላይ ነው። እትዬ ሃያ ዓመት በለንደን ጎዳናዎች የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዘንድሮ ደግሞ የሐበሾቹ ቤዝቦል ቡድን መዝጋቢ ሆነዋል። ከሆሎዌይ ብዙ በማይርቅ ፓርክ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ አልቆ ሁሉም ሄዷል። የኦገስት ፀሐይ ግን አልሄደችም፤ ሣሩን ጫፍ ጫፉን ወርቅ ቀብታዋለች። አምሃ ይህን ሁሉ አያይም። ዱላውን ትከሻው ላይ፣ ጣቱን መዝገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።)

አምሃ፦ ምት ነው እትዬ! ምት!

እታለማሁ፦ ስህተት ነው የኔ ጌታ።

አምሃ፦ ኳሱን የመታሁት እኔ፣ ሮጬ ማረፊያዋ ቤዝ ላይ የደረስኩት እኔ! ስህተቱ የት አለ?

እታለማሁ፦ የተጋጣሚው ተከላካይ ጊዲዮን ላይ። ሊይዘው የሚችለውን ኳስ ጣለው። እሱ ስህተት ይጻፍበታል፤ አንተ ምት አይጻፍልህም።

አምሃ፦ ቤዝ ላይ ቆሜ?

እታለማሁ፦ ብትቆምም። ስንቱ በማይገባው ቦታ ቆሞ አይቻለሁ።

አምሃ፦ ሕጉ የሚለው እኮ "በመደበኛ ጥረት ሊያዝ የሚችል ኳስ" ነው። የኔ ኳስ በመደበኛ ጥረት አይያዝም። እሳት ነበር!

እታለማሁ፦ መንገዱ ላይ እርግብ ነበረች።

አምሃ፦ እና?

እታለማሁ፦ ኳሱ አጠገቧ ሲያልፍ ቀና እንኳ አላለችም።

(አምሃ ዞር ብሎ ያያል። እርግቧ አሁንም እዚያው ናት። የመሰከረችበት ይመስለዋል።)

አምሃ፦ እሺ፣ ይስሙኝ እትዬ። ለቅዳሜው የፍጻሜ ጨዋታ አንድ ቦታ ነው የቀረው። አሰልጣኝ ዓለምሰገድ "ከአምሃና ከኤዶም በምት አማካይ የበለጠው ይገባል" ብሏል። ኤዶም ስንት አላት?

እታለማሁ፦ ሃያ የመምታት ተራ፣ አምስት ምት። ሲካፈል ከሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ።

አምሃ፦ እኔስ?

እታለማሁ፦ አንተም አምስት ምት። ግን ሃያ ሁለት ተራ ፈጅተህ። ሁለት መቶ ሃያ ሰባት።

አምሃ፦ ኤዶም ገባች ማለት ነው! ሜይ ላይ ዱላው በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ የጠየቀችኝ ልጅ!

እታለማሁ፦ እንዴት ጥሩ አድርገህ አስተማርካት!

አምሃ፦ የኂሩት አባት ከስቶክዌል ድረስ ሊያዩኝ ይመጣሉ እኮ! ሽማግሌ ልልክባቸው ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ። የቡድኑ ዋና መቺ ነኝ ብያቸዋለሁ።

እታለማሁ፦ ምነው ልጄ፣ ማን አስገደደህ?

አምሃ፦ "ምን ትሠራለህ?" አሉኝ። "ዴታ አናሊስት ነኝ" አልኳቸው። ዝም አሉ። በጣም ዝም አሉ። ዝምታውን ለመሙላት ነው።

(እትዬ እታለማሁ ከልባቸው ያዝናሉ። ከቴርሞሳቸው ሻይ ይቀዱለታል። አይጠጣም፤ አንድ ሐሳብ መጥቶለታል።)

አምሃ፦ ምት ካልጨመሩልኝ ተራ ይቀንሱልኝ!

እታለማሁ፦ ወጥተህ ሞክረህ የለም እንዴ? የወጣ እንዴት ይቀነሳል?

አምሃ፦ (ፊቱ ይበራል፤ ማስረዳት ይወዳል) ይኸውልዎ እትዬ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳዎት። የወጡበት ሁሉ አይቆጠርም። ሜይ ላይ ኳሱን ወደ ሰማይ ልኬው ተያዘብኝ፤ ግን የኛው አኑዋር በዚያ መሀል ሮጦ ነጥብ አገባ። ይህ መሥዋዕት ይባላል። ለቡድኑ የተሠዋ ሰው ተራው ከአማካዩ ይወጣለታል።

እታለማሁ፦ ልትሠዋ አስበህ ነው ወደ ሰማይ የላክኸው?

አምሃ፦ ሕጉ ሐሳብ አይጠይቅም።

እታለማሁ፦ (ከቦርሳቸው ዙሪያውን ቢጫ ወረቀት የተለጣጠፈበት ወፍራም የሕግ ጥራዝ አውጥተው ይገልጣሉ) አዎ፣ አይጠይቅም። ያን ጊዜ ገና እዚህ ገጽ አልደረስኩም ነበር። (ያርማሉ) ሃያ አንድ ተራ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት።

አምሃ፦ ፕሪንት አድርጌ የሰጠሁዎት ነው? ሙሉውን አነበቡት?

እታለማሁ፦ አንተ አላነበብከውም?

አምሃ፦ የሚያስፈልገኝን። ቀጥሎ፣ ጁን ላይ ወርዋሪው ክንዴን በኳስ መታኝ።

እታለማሁ፦ አስታውሳለሁ። ጮኸሃል።

አምሃ፦ አልጮኽኩም።

እታለማሁ፦ እናትህን ጠርተሃል።

አምሃ፦ ...የተመታ ሰው በነጻ ወደ ቤዝ ይሄዳል፤ ተራው አይቆጠርበትም። ቼክ ያድርጉ።

እታለማሁ፦ (ገልጠው ያያሉ) ልክ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ሃያ ተራ። ሁለት መቶ ሃምሳ።

አምሃ፦ እኩል ሆንን!

እታለማሁ፦ እኩል ከሆናችሁ ደግሞ ዓለምሰገድ የሚያስገባው ቀድሞ ቡድኑ ውስጥ የገባውን ነው። አንተ ትቀድማለህ። (እርሳሱን ያስቀምጣሉ) ቅዳሜ ትጫወታለህ። በል ሻይህን ጠጣ።

(አምሃ ሻዩን ያነሳል። ሻዩ ያውዳል፣ ሣሩ ያውዳል፣ ዓለም መልካም ናት። አንድ ጊዜ ፉት እንዳለ ግን ዓይኑ ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ሁለት ቁጥሮች እንደ መንታ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።)

አምሃ፦ ግን እኩል... ከኤዶም ጋር?

እታለማሁ፦ ተወው።

አምሃ፦ የኂሩት አባት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። መዝገቡን ልይ ቢሉስ?

እታለማሁ፦ ስማኝማ። ሃያ ዓመት ሰው በቅጣቱ ላይ አፒል ብሎ ይግባኝ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ስንቱ ከተረታ በኋላ ሳይሆን ከረታ በኋላ መናገሩን ባለማቆሙ ተመልሶ ይቀጣል።

አምሃ፦ እትዬ፣ በፍቅር ልንገርዎት፣ ይሄ ፓርኪንግ አይደለም። ስታቲስቲክስ ነው። አንድ ይቀራል። ጁላይ ላይ አራት ብልሹ ኳስ ተወርውሮልኝ፣ ሳልመታ በእግሬ ወደ ቤዝ ሄጃለሁ። እሱም አይቆጠርም።

እታለማሁ፦ እርግጠኛ ነህ?

አምሃ፦ መቶ በመቶ።

እታለማሁ፦ አንተው ጠይቀህ እንደታረመ ፈርምልኝ።

(አምሃ በረጅም ጅራት ይፈርማል። እትዬ ያርማሉ፤ እርሳሱን ጠፍንገው ይዘው፣ ቀስ ብለው።)

እታለማሁ፦ አሥራ ዘጠኝ ተራ። ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት።

አምሃ፦ በለጥኳት! (ዱላውን አቅፎ ይሽከረከራል። እርግቧ አሁን ትበራለች።) አዩ እትዬ? ዕውቀት ማለት ይሄ ነው!

እታለማሁ፦ እንኳን ደስ ያለህ። እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ መነጽሬ አላነብ አለኝ። (የመዝገቡን የውስጥ ልባስ ይገልጡለታል)

አምሃ፦ (በደስታ፣ ጮክ ብሎ) "ከሃያ ተራ በታች ያለው መቺ በአማካይ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ለፍጻሜም..." (ድምፁ ይወርዳል) "...ለፍጻሜም አይታሰብም።" ማነው ይሄን የማይረባ ሕግ የጻፈው?

እታለማሁ፦ ፊርማው ጅራታም ነው።

(አምሃ ገጹን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። ጅራቱ የራሱ ነው።)

እታለማሁ፦ ኤዶም በመጀመሪያ ቀኗ ከአራት ተራ ሦስቴ ስትመታ፣ "ይሄ ዴታ አይደለም፣ ዕድል ነው" ብለህ የጻፍከው ነው። ልጅቷ ምንም አላለችም። ቁጭ ብላ ሃያዋን ሞላች።

አምሃ፦ እትዬ... ያ የጁላዩ... አሁን ሳስበው አራት ኳስ አልነበረም።

እታለማሁ፦ ምን ነበር?

አምሃ፦ ሦስቴ ስቼ ነው የወጣሁት! አየር ነው የመታሁት! ሰው ሁሉ ስቆብኛል!

እታለማሁ፦ አራት ኳስ ነበር። እኔም ትዝ ይለኛል።

አምሃ፦ ታዲያ ለምን ቀድመው ዝም አሉ?

እታለማሁ፦ አፒል ያልተደረገበት ነገር እንደተጻፈ ይቆያል። ለዚህ ነው ሻይህን ጠጣ ያልኩህ።

አምሃ፦ እለምንዎታለሁ፣ ይቁጠሩብኝ! ደካማ መቺ ነኝ! ከቡድኑ ሁሉ የመጨረሻ ነኝ!

እታለማሁ፦ እሱን ለኂሩት አባት ንገራቸው። ያ ዝምታውን ይሞላል።

(ወንበራቸውን ያጥፋሉ። እርሳሱን በማሰሪያው መዝገቡ ላይ ይጠመጥማሉ።)

አምሃ፦ ቅዳሜ የት ልቀመጥ ታዲያ?

እታለማሁ፦ ከሰውየው ጎን። ጨዋታውን ቀስ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

(ይሄዳሉ። ወንበሩ በብብታቸው፣ ረጅም ጥላቸው ከኋላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ መቆም በተከለከለበት ቢጫ መስመር ላይ የቆመች መኪና ያያሉ፤ ቆም ብለው ሰዓታቸውን ይመለከታሉ፤ ከዚያ ጡረታ መውጣታቸው ትዝ ይላቸውና፣ ሳይዞሩ፣ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።)