ብቸኛው መሥራች፣ ሐጅ ቡአዛ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ትንሽ ከተማ ሁሉ «እኔ ነኝ ያቆምኩት» የሚል ሽማግሌ አያጣም። አንዳንዱ ከተማ ሁለት አለው፤ ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። በአትላስ ተራራ ግርጌ ያለችው ቢር ዘቡጅ ያሏት አንድ ናቸው፤ እሳቸውም ለሦስት ይበቃሉ።

ክቡር ሐጅ ቡአዛ ባለ ሉካንዳ ናቸው። ከእሳቸው ዘንድ ግማሽ ኪሎ የበግ ሥጋ የጠየቀ ሰው፣ ግማሽ ኪሎ ሥጋና አንድ ኪሎ ታሪክ ተሸክሞ ይወጣል።

ትምህርት ቤቱ የተጀመረው በአሮጌ የወይራ መጭመቂያ ቤት ነው፤ የያኔ ተማሪዎች ደብተራቸው ሁሉ ዘይት ዘይት ይል ነበር። ቀጥሎ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ አራት ክፍል ሠራ፤ መንግሥት ፎቅ ደረበበት፤ ቤተ ሙከራም መጣ። ይህን የሚክድ የለም። ብቻ ሐጅ ባወሩት ቁጥር ሕዝቡ እያነሰ፣ እሳቸው እየበዙ ሄዱ። ዱሮ «ተሸክመናል» ይሉ ነበር፤ ቆይተው «አሸክሜያለሁ» አሉ፤ ዘንድሮ ተራራውን ብቻቸውን ፈልጠውታል። ቀብር ላይ እንኳን፣ «ሟች ደግ ነበር፤ ትምህርት ቤቱን ሳቆም ውሃ ያቀብለኝ ነበር» ይላሉ።

በዚህ የምትንገበገበው ርዕሰ መምህርቷ ኑዝሃ ናት። የታሪክ መምህርት ናትና ውሸት አይዋጥላትም።

«ሐጅ፣ ፎቁን የሠራው እኮ መንግሥት ነው!»

«መንግሥትን ማን ጠራው፣ ልጄ?»

ባለፈው ጸደይ ግን ቀልድ ያለፈበት ነገር መጣ። የመጨረሻውን የክፍል ደረጃ ወደ ትልቁ ከተማ ለማዛወር የሚያጠኑ የመንግሥት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ኑዝሃ የነገሩን መጨረሻ ታውቀዋለች፤ ወንዶቹ በአውቶቡስ ይመላለሳሉ፣ ሴቶቹን አባቶቻቸው አይልኩም። እሷም እዚሁ ባትማር ኖሮ ዛሬ የሰው ወይራ ትለቅም ነበር።

«ሐጅ፣ በአላህ፣ ነገ እንኳን ይቅሩ» ብላ ለመነቻቸው። ሐጅ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሽቶ ተርከፍክፈው፣ ከእንግዶቹ ቀድመው ተገኙ።

ኑዝሃ አስረዳች፤ የእንግዶቹ አለቃ አዛጋ። ይሄኔ ሐጅ ብድግ አሉ።

«ጌታዬ! ይህን ቤት ያቆሙት እርጉዝ ሴቶች ናቸው! በጀርባቸው ድንጋይ፣ በሆዳቸው ተማሪ ተሸክመው!»

ይህን ደግሞ ከተማው ሰምቶት አያውቅም። አለቃው ማዛጋቱን ትቶ ወደ ኑዝሃ ዞረ። «እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት። እውነት ነው?»

ኑዝሃ በመስኮቱ የሚያጮልቁትን ልጃገረዶች አየች።

«እውነት ነው» አለች። «እናቴ እኔን አርግዛ፣ በዘጠነኛ ወሯ ተሸክማለች። ምጥ የያዛት እዚያ በሩ ጋ ነው።»

አለቃው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። በሳምንቱ ክፍሉ እዚያው እንዲቆይ መወሰኑ ተሰማ፤ ከተማው በእልልታ ቀለጠ።

ያን ዕለት ሐጅ ቡአዛ ቢሮዋ ገብተው በሩን ዘጉ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«እናትሽ ከፌዝ ከተማ ተድራ ስትመጣ ፎቁ ሳይቀር አልቆ ነበር።»

ኑዝሃ አቀረቀረች። «አውቃለሁ፣ ሐጅ።»

«በዘጠነኛ ወር ድንጋይ ይነሳል? ማን ያምንሻል? አምስተኛ በይ እንጂ!»

ኑዝሃ ሳቋ አመለጣት። «እሺ፣ አምስተኛ ይሁን። ምጡስ ታዲያ?»

ሐጅ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ምጡን ለእኔ ተይው።»