የሚስ ለውዝ የቀርከሃ ጭፈራና የአባቴ መሰንቆ

ሰው ቁርጭምጭሚት እንዳለው የሚያውቀው ሁለት ቀርከሃ መሃል ሲገባ ነው። አትሳቁ። እኔ ያወቅኩት ደብረ ማርቆስ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያስተማረችኝም የፊሊፒንስ ሴት ናት።

ስሟ ሚስ ሉዝ ነበር። ሉዝ ማለት አፋችን ላይ አልጥም ቢለን "ሚስ ለውዝ" አልናት። ከተማው ደግሞ "ህንዷ" ይላታል። ያኔ ጥቁርም ነጭም ያልሆነ አስተማሪ ሁሉ ህንድ ነበር። እሷ ካርታ ዘርግታ፣ ውሃ ላይ ጤፍ የተበተነ የመሰሉ ደሴቶች እያሳየች "አገሬ ይህ ነው" ትለናለች። እኛ አንገታችንን ስንነቀንቅ ቆይተን፣ ስትወጣ "ህንድ ውስጥ ነው ማለት ነው" እንባባላለን።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ የአገሬን ጭፈራ ላስተምራችሁ አለች። ሁለት ሰዎች ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ከግራና ከቀኝ ይዘው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። በምት ያጋጩታል፣ ይከፍቱታል። ጨፋሪው መሃል ይገባና ሳይነከስ ይወጣል። ጨፋሪው የሩዝ ማሳ ውስጥ ከወጥመድ የምታመልጥ ወፍ መምሰሉ ነው አለችን። ቀርከሃ እንደሆን ለጎጃም ብርቅ አይደለም። አጥር እናጥርበታለን፣ ወንበር እንሠራበታለን። እንደሚጨፈርበት ግን ማን ነግሮን?

ከክፍሉ ሁሉ እግሩ ያልተነከሰ እኔ ብቻ ሆንኩ። "ምቱን ከየት ተማርከው?" አለችኝ።

"ከበቅሎ" አልኳት።

ምን ልበል? ትምህርት ቤት ውስጥ እኔ እንዳወራሁት አባቴ ወለጋ የወረደ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። እውነተኛው አባቴ ግን ከገበያው በታች ካለው ጠጅ ቤት መሰንቆ የሚመታ አዝማሪ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው አዝማሪ ከሌለ ሰርጉ አይደምቅለትም፤ ለአዝማሪ ልጅ ግን ልጁን አይድርም። እናቴ ከሞተች ወዲህ የምኖረው አጎቴ ዘንድ ነው። አባቴ ዘንድ የምሄደው እሁድ እሁድ፣ ያውም ተደብቄ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባል የለ? እኔ ከበቅሎም ብሼ ነበር። በቅሎዋ አጎቷን ጠራች እንጂ አባቷን ወለጋ አልላከችም።

ሚስ ለውዝ ታዲያ ጭፈራው ያለ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ አይሆንም አለች። በአገሯ ክር የሚመታ ሽማግሌ ሲመጣ ወጣቱ ከወንበሩ ይነሣለታል አሉ። "እዚህ ከተማ ክር የሚመታ የለም?" ብትል ክፍሉ ሳቀ። አንዱ ደፋር "አዝማሪ ሞልቷል" አላት። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ማንን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው?

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ቀርከሃውን አየሁ።

እሷ በአፏ ያዜመችለትን አንድ ጊዜ ሰምቶ መሰንቆው ላይ አወጣው። መሃል ገባሁ። እግሬ ግን የኔ አልነበረም። ቀርከሃው ነከሰኝና ወደቅኩ። አባቴ መሰንቆውን ጥሎ ሮጠና እግሬን በሁለት እጁ ያዘ።

"እኔን! እኔን ልጄ!" አለ።

ልጆቹ ከበቡን። "ታውቀዋለህ እንዴ?" አለኝ አንዱ።

"ከየት አውቄው? ትልቅ ሰው ሁሉ ልጄ ይል የለ?" አልኩ።

የአባቴ እጅ ቀስ ብሎ ለቀቀኝ። እግሬን አልጣለውም፤ እንደ እንቁላል መሬት ላይ አኖረው።

ሚስ ለውዝ አማርኛ የት ታውቃለች? በእንግሊዝኛ ከክፍሉ የምሻለው እኔ ስለሆንኩ አስተርጓሚዋም እኔ ነኝ። "አያያዙ የአባት ነው። ልጅ አለው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ" አለችኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ።

"ልጅ አለዎት ወይ ትላለች" አልኩት።

ቤት ውስጥ አንተ የምለውን ሰው! በዕድሜዬ አባቴን አንቱ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

መሰንቆውን አነሣ፤ አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። "ነበረኝ በላት" አለኝ።

እኔም ዞሬ "የለኝም ይላል" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተርጉሜያለሁ። እንደዚያ ያለ ስህተት ግን አልደገምኩም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ከአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ትልቅ ሰው ይመጣሉ ተባለ። ዳይሬክተሩ አዝማሪ በእንግዳ ፊት አይቀመጥም አሉ። ሙዚቃው ይሰማ እንጂ ሰውየው አይታይ። ስለዚህ አባቴ ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ መታ። እኛ ከፊት ጨፈርን። የጭብጨባው ነገር አይወራ። እንግዳው "ይህ ድንቅ ዜማ የምንድን ነው?" ቢሉ ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው "የፊሊፒንስ ባህል ነው፣ ክቡር ሆይ" አሉ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላል ያገሬ ሰው። መዳቡን መጋረጃ ቢጋርዱበት ደግሞ የውጭ አገር ወርቅ ይሆናል።

ይሄኔ ሚስ ለውዝ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችው። አባቴን በእጁ ይዛ ወደ ፊት አወጣችው። ጎንበስ አለችና የእጁን ጀርባ ግንባሯ ላይ አደረገች። በአገሯ ልጅ አባቱን የሚሳለመው እንዲህ ነው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

እሁድ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፤ እንደ ወትሮው ተደብቄ። ይረግመኛል ብዬ ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን በርጩማ አቀረበልኝ፤ ቆሎ በሰፌድ አስጠጋልኝ። የመሰንቆውን ጭራ ሙጫ መቀባት ጀመረ። ቆሎው አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነ።

"ያቺ ሴትዮ" አለ በመጨረሻ፣ "በአገሯ ክር የሚመታ ሰው እውነት እንዲህ ይከበራል?"

"አዎ፣ ይከበራል" አልኩት።

ሙጫውን አስቀመጠ። የምር የቸገረው ይመስላል።

"እንግዲያው የነሱ ልጆች" አለ፣ "አባታቸውን ምን ብለው ይክዱታል?"